የብቸኛው ብዕር ጎረቤቶች፦ ስለ ናይሮቢ የኮሚክስ ጉባኤዎችና ስለ ሠዓሊዎች ወዳጅነት

ከጥበብ ሥራዎች መካከል የኮሚክስን ያህል ብቸኝነትን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ተዋናይ በመድረክ ላይ ባልደረባ አለው፤ ድምፃዊ ከኋላው የሚከተለው ባንድ አለው፤ ገጣሚም ቢሆን ሌሊት የጻፈውን በማግስቱ ለወዳጁ አንብቦ ፊቱን ማየት ይችላል። የኮሚክስ ሠዓሊ ግን አንዲት ገጽ በእርሳስ ለመንደፍ፣ በቀለም ለማጥቆር፣ ፊደሉን ለመጻፍና ለማረም ቀናት ይፈጁበታል፤ አንባቢ ያችኑ ገጽ በአንድ ደቂቃ አይቶ ያልፋታል። በዚህ መካከል ሠዓሊውን የሚያነጋግረው የለም። የሣለው ፊት የተቆጣ ሰው ይምሰል የታመመ፣ የሣለው ሯጭ ይሩጥ ወይም ይንሳፈፍ የሚነግረው ሰው ሲያገኝ ገጹ ታትሞ ወጥቷል። እርማቱም ለሚቀጥለው መጽሐፍ፣ የሚቀጥል መጽሐፍ ካለ ማለት ነው፣ ይተላለፋል።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ነው። ሠዓሊዎች ከየከተማቸውና ከየአገራቸው ተነሥተው፣ ሥራቸውን በከረጢት ተሸክመው ወደ ጉባኤ መጓዛቸው ለሥራቸው ምን ይጨምርለታል? ጥያቄውን ለማንሣት የናይሮቢ መሃል ከተማ የተመቸ ስፍራ ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እናየዋለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በዚህ ከተማ የኮሚክስ፣ የአኒሜና የቪዲዮ ጨዋታ ወዳጆችን የሚያሰባስቡ ጉባኤዎች ተለምደዋል። ናይኮን በሚል አጭር ስም የታወቀው የናይሮቢ የኮሚክስ ጉባኤ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለ እንዲህ ያሉ ጉባኤዎች ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የልብሱ ነገር ነው፦ ማን ሸረሪት ሰው መስሎ መጣ፣ ማን የጃፓን ተዋጊ ለብሶ አሸነፈ። በበኩሌ በልብሱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ወጣት በጨርቅና በካርቶን የሠራው ልብስም የእጅ ጥበብ ነው። ቅሬታዬ ወሬው ከዚያ አለማለፉ ነው። ከአዳራሹ ጠርዝ ላይ፣ ብዙውን ጊዜም ከድምፅ ማጉያው አጠገብ፣ ጥቂት ሠዓሊዎች መጽሐፋቸውን ዘርግተው በየጠረጴዛቸው ተቀምጠዋል። የጉባኤው ፍሬ ነገር ያለው እዚያ ነው። የሚሸጡት መጽሐፍ የመንገዱንና የጠረጴዛውን ወጪ ላይሸፍን ይችላል፤ እነርሱ ግን ከሽያጩ ሌላ የሚያገኙት ነገር አለ። ጎን ለጎን በተቀመጡ ቁጥር አንዱ የሌላውን ገጽ ይገልጣል፤ የሚገልጠውም እንደ ገዥ ሳይሆን እንደ ሞያ ባልደረባ ነው። ገዥ ሽፋኑን ያያል፤ ሠዓሊ እጅና እግሩን ያያል። ለአንድ የኮሚክስ ሠዓሊ የሌላ ሠዓሊ እጅ በገጹ ላይ ተዘርግቶ «ይህችኛዋን ሥዕል ብታወጣት ታሪኩ አይጎድልም» ሲለው የሚያገኘው ትምህርት በብቸኝነት ዓመት ቢሠራ የማያገኘው ነው።

በዓለም ላይ ስሙ የገነነው የሳንዲያጎ ኮሚክ-ኮን በ1970 ሲጀመር በአንድ ሆቴል ምድር ቤት የተሰበሰቡት ሦስት መቶ ያህል ሰዎች ነበሩ። በዚያች ምድር ቤት አንድ ጀማሪ እንደ ጃክ ከርቢ ያለውን አንጋፋ ሠዓሊ አጠገቡ ቆሞ ማነጋገር ይችል ነበር። በኋላ ተሰብሳቢው ከመቶ ሠላሳ ሺህ አልፏል፤ የፊልም ኩባንያዎችም ዋናውን አዳራሽ ይዘውታል። ጉባኤ በገፋና በሰፋ ቁጥር የመጀመሪያው ምክንያቱ ወደ ጥግ ይገፋል። በአንጻሩ በ1974 የተመሠረተውን የፈረንሳዩን የአንጉሌም በዓል ያየን እንደሆነ፣ በ2026 መጀመሪያ ሊካሄድ የነበረው ጉባኤ ሠዓሊዎችና አሳታሚዎች የአዘጋጁን አስተዳደር ተቃውመው አንካፈልም በማለታቸው ተሰርዟል። አዳራሹ፣ ከተማው፣ የግማሽ ምዕት ዓመት ዝናው ሁሉ ነበረ፤ ከጠረጴዛው ኋላ የሚቀመጥ ሰው ሲታጣ ግን በዓል የሚባል ነገር አልቀረም።

ወደ ናይሮቢ እንመለስ። በኪማቲ መንገድና በኬንያታ ጎዳና መገናኛ ላይ ባለው ስታንሊ ሆቴል፣ በካፌው መካከል በቆመ አንድ የግራር ዛፍ ላይ መንገደኞች ለመንገደኞች መልእክት ይሰኩ ነበር። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ መንታ ፎቁ የኔሽን ሕንፃ አለ። የምሥራቅ አፍሪካ የካርቱንና የኮሚክስ ታሪክ ትልቁ ክፍል የተሠራው በዚህ ሠፈር ዙሪያ ነው፤ የሠሩትም በአብዛኛው መንገደኞች ናቸው። እርግጥ ነው፣ ኤድዋርድ ጊታው ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በስዋሂሊ ጋዜጣ ላይ ያቆመው ጁሃ ካሉሉ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ዕድሜውም ከብዙ መንግሥታት ይበልጣል። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣውን ስንመለከት ግን የእንግዶች እጅ ጎልቶ ይታያል።

ቴሪ ሂርስት በ1960ዎቹ አጋማሽ ከእንግሊዝ አገር የሥዕል መምህር ሆኖ መጣ። ኤሊሞ ንጃው ከታንዛኒያ መጥቶ በ1965 ከወዳጆቹ ጋር በመሃል ከተማ በከፈተው የፓ ያ ፓ የሥዕል ማዕከል ከኬንያውያን ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ጋር ተዋወቀ። ከእነዚህ ወዳጆቹ አንዱ ጋዜጠኛው ሂላሪ ንግዌኖ ነበር። ሁለቱ በ1973 «ጆ» የተባለውን መጽሔት መሠረቱ። ጆ ኑሮ ያስጨነቀው፣ መሳቅን ግን ያልተወ ተራ የከተማ ሰው ነው። መጽሔቱ በ1979 እስኪቆም ድረስ ካርቱን፣ ኮሚክስና አጭር ልብ ወለድ በአንድ ላይ ያቀርብ ነበር። የዛሬ አንባቢ የዚያን መጽሔት ገጾች ሲያይ አንድ ነገር ልብ ማለቱ አይቀርም። ሥዕሉ የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ቅርጽ አለው፤ ቀልዱ ግን የእንግሊዝ ቀልድ አይደለም። የአውቶቡስ ሰልፉ፣ የቤት ኪራዩ፣ የአለቃው ቁጣ የናይሮቢ ነው። ይህን ማጋባት አንድ ሰው ብቻውን ሊያደርገው አይችልም። ሂርስት ብቻውን ቢሆን ከተማይቱን ከውጭ የሚያይ እንግዳ በሆነ ነበር፤ ንግዌኖም ብቻውን ቢሆን የጋዜጣ ዓምዱ ሥዕል ባልተገኘለት ነበር። ንግዌኖ በ1975 ሳምንታዊ የዜና መጽሔት ለመመሥረት ሲሄድም ሂርስት ጆን ይዞ ቀጠለ። ወዳጅነቱ የተከለው ሥራ ወዳጆቹ ቢለያዩም ሥር ነበረው።

ፍራንክ ኦዶይ ከጋና ነው የመጣው። በናይሮቢ ጋዜጣ ገጾች ላይ ያወጣው «አኮካን» የአፍሪካን ምትሃትና ተረት መነሻ ያደረገ የጀግና ታሪክ ነው። አሜሪካውያን ጀግኖች ከሰማይ ወይም ከቤተ ሙከራ ኃይላቸውን ሲያገኙ የኦዶይ ጀግና ከዚሁ ምትሃትና ተረት ይነሣል። ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ሰው በምሥራቅ አፍሪካ ተቀምጦ የሣለው በመሆኑ የየትኛውም አንድ አገር ያልሆነ፣ የሁሉም ግን የሚመስል ዓለም አለው። እርሱ ለጉዳያችን የሚጠቅመን ግን በሌላም ሥራው ነው። በ1999 ከፊንላንዳዊው ሌፍ ፓካሌን ጋር ኮሚክስን ለልማት መልእክት ስለ መጠቀም የሚያስተምር መመሪያ አዘጋጀ፤ መጽሐፉንም የፊንላንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አሳተመው። ሄልሲንኪ የኮሚክስ በዓል ያላት ከተማ ናት፤ በዓሉ በ1979 የተጀመረ ነው። ፓካሌንም የፊንላንድን የኮሚክስ ሰዎች ከአፍሪካና ከእስያ ሠዓሊዎች ጋር ለማገናኘት ዓመታት የደከመ ሰው ነው። በኋላም በ2007 ከሕንዳዊው ሻራድ ሻርማ ጋር በየመንደሩ ተራ ሰዎች በአራት ሥዕል የራሳቸውን ታሪክ ስለሚሠሩበት ዘዴ ሌላ መጽሐፍ አውጥቷል። አንድ ጋናዊ፣ አንድ ፊንላንዳዊ፣ አንድ ሕንዳዊ፦ ይህን ሰንሰለት የሠራው የኩባንያ ውል ሳይሆን ሰው ከሰው መተዋወቁ ነው። ኦዶይ በ2012 በናይሮቢ በማታቱ አደጋ ሕይወቱ አልፏል። መመሪያው ግን አሁንም የሚነበብ ነው፤ ደረቅ ርእስ ቢኖረውም ሥዕሎቹ የሚናገሩ ናቸው።

ጋዶ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ጎድፍሬይ ምዋምፔምብዋ ደግሞ የዳሬሰላም ልጅ ነው። የሥነ ሕንፃ ትምህርቱን አቋርጦ በ1992 ወደ ኔሽን መጣ። በ2009 የጀመረው የኤክስ ዋይ ዚ ትርኢት የፖለቲካ ሰዎችን በአሻንጉሊት የሚያሳይ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሲሆን፣ አርአያው የፈረንሳዩ ሌ ጊኞል ነው። የአገር መሪን ፊት በጎማ ቀርጾ ማናገር ከመጽሐፍ የሚማሩት ሞያ አይደለም፤ ከሠሪዎቹ እጅ የሚወሰድ ነው። ጋዶ ካቱኒ በተባለው የምሥራቅ አፍሪካ ካርቱኒስቶች ማኅበርም ነበረበት። ቃሉ በስዋሂሊ ካርቱን ማለት ነው። ማኅበሩ የኬንያን፣ የታንዛኒያንና የኡጋንዳን ብዕረኞች አንድ ስም ሰጥቷቸዋል። ብዕረኛ አለቃውን በሚያስቆጣበት ቀን ይህ ስም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ድንበር የተሻገረ ወዳጅ ያለው ካርቱኒስት ዝም ሲያሰኙት የሚጮህለት ሰው በሌላ አገር አለ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሂርስትም፣ ኦዶይም፣ ጋዶም የተዋወቁት በጉባኤ ሳይሆን በጋዜጣ ቤትና በመጽሔት ቢሮ ነው፤ ታዲያ ለጉባኤ ምን አስፈለገው? መልሱ ቢሮው ራሱ መጥፋቱ ነው። በዚያ ዘመን ካርቱኒስት ደመወዝተኛ ነበር፤ በኪማቲ መንገድ ፎቅ ላይ ጠረጴዛ ነበረው፤ የጎረቤቱን ወረቀት ለማየት አንገቱን ማዞር ይበቃው ነበር። ጋዶ እንኳ ኔሽንን በ2016 ሲለቅ ውሉ ስላልታደሰለት ነው። ዛሬ ወጣቱ ሠዓሊ በቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ሥራውን ይልካል፤ ክፍያው በስልኩ ይደርሰዋል። አሠሪውን ሳያየው ዓመት ሊሞላው ይችላል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት የእርሱን ጉዳይ አይገልጠውም፤ የቅርብ ጎረቤቱ ሞያውን አያውቅለትም፤ ሞያውን የሚያውቅለት ደግሞ ሌላ ከተማ ነው። ቀድሞ ቢሮው በነጻ ይሰጠው የነበረውን ጉርብትና አሁን በአውቶቡስ ትኬት መግዛት አለበት። በ2010 የጀመረው የሼንግ ቋንቋው ኮሚክስ «ሹጃዝ» በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። በርካታ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች በአንድነት የሚሠሩት በመሆኑ የጉባኤው ጠረጴዛ ከቤታቸው አለ። ዲጄ ቦዪ የተባለው ባለ ታሪኩ ያለ ፈቃድ ሬዲዮ የሚያሰራጭ ወጣት ነው፤ ንግግሩ የመንገድ ንግግር ነው፤ በ2012 ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት ማግኘቱም አያስገርምም። ግን ሁሉም ሠዓሊ እንዲህ ያለ ቤት የለውም።

ደግሞም ትውውቅ ሁሉ ወዳጅነት አይደለም። በጉባኤ ላይ ካርድ በማከፋፈል የሚውሉ ሰዎች አሉ። ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ይዘላሉ፤ የማንንም መጽሐፍ አይገልጡም፤ ማታ ኪሳቸው በሰው ስም ተሞልቶ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለው ሰው ከጉባኤው የሚያገኘው ከስልክ ማውጫ አይበልጥም። ጉባኤ አዘጋጆችም ከጥፋቱ ነጻ አይደሉም። ከጠዋት እስከ ማታ ሙዚቃ በሚጮህበት አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ገጽ ሊነጋገሩ አይችሉም። ለአለባበስ ውድድር ሰዓት ይመደባል፤ ለጨዋታ ውድድር ሰዓት ይመደባል፤ ሠዓሊዎች ያላለቀ ሥራቸውን ለሠዓሊዎች የሚያሳዩበት አንድ ሰዓት ግን በመርሐ ግብር ላይ እምብዛም አይታይም። በመሃል ከተማ በሎይታና በሞንሮቪያ መንገዶች አካባቢ የሚገኙት ጎተ ኢንስቲትዩትና አሊያንስ ፍራንሴዝ ጸጥ ያለ ክፍል አላቸው፤ ለከተማይቱ ሠዓሊዎችም በራቸውን ሲከፍቱ ኖረዋል። የምሥራቅ አፍሪካ ሠዓሊ ከምሥራቅ አፍሪካ ሠዓሊ ጋር ለመተዋወቅ የጀርመንን ወይም የፈረንሳይን ጣሪያ መፈለጉ ግን ሊያሳስበን ይገባል። ሠላሳ ያህል ፎቅ ያለው የኬንያታ ጉባኤ ማዕከል ከዚያው በእግር የሚደረስ ነው፤ የአዳራሹ ኪራይ ግን ለኮሚክስ ሠዓሊ ኪስ የተተመነ አይደለም።

ይህ ሁሉ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይመለከተናል። ሥዕልን በተከታታይ ሣጥኖች ከፍሎ ታሪክ መተረክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በአርባ አራት ሣጥኖች የሚያሳየው ሥዕል በአዲስ አበባ ሱቆች ለስንት ዘመን ተሽጧል! በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም የቅዱሳን ገድል በየተራ ተሥሏል። ከ1992ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ የግል ጋዜጦች ሲበዙ ካርቱኑም በዝቶ ነበር። በ2018 ብስራት ደበበ «ጀምበር» የተባለውን የጀግና ኮሚክስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ «ሐዊ» ተከተለችው። ባለ ታሪኩን በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ምሩቅ ማድረጉ የጆን መጽሔት ያስታውሰኛል፤ ጀግንነቱ ከመብረሩ ይልቅ ከኑሮው ሲጀምር አንባቢ ያምነዋል። የጎደለን እንግዲህ ችሎታ ወይም ትውፊት አይደለም። የጎደለን ጠረጴዛው ነው፤ ሥራችን በጋዜጣ ጥግ፣ በየቤቱና በስደት ተበታትኖ ሠዓሊው ሠዓሊውን ሳያውቀው ይቀራል።

ወደ አንጉሌም ለመሄድ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፤ ቪዛው የባንክ ሒሳብ ይጠይቃል፤ የኮሚክስ ሠዓሊ የባንክ ሒሳብ ምን እንደሚመስል ደግሞ አንባቢ መገመት አያቅተውም። ናይሮቢ ግን ሌላ ነገር ናት። ኢትዮጵያና ኬንያ ዜጎቻቸው ያለ ቪዛ እንዲጓዙ የሚፈቅድ የቆየ ስምምነት አላቸው፤ በሞያሌ የሚያልፈውም መንገድ አስፋልት ለብሷል። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሠዓሊ ከሌሎች የአፍሪካ ሠዓሊዎች ጋር ጎን ለጎን ለመቀመጥ ከዚህ የቀረበ በር የለውም።

መጓዝ የማይችሉም አሉ። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ፣ በ2014ም እንደገና፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች ወደዚህ ከተማ ተሰደዋል። በስደተኛ መታወቂያ የሚኖር ብዕረኛ ወደ ሄልሲንኪ ወይም ወደ ሌጎስ ሊሄድ አይችልም። ለእርሱ ወደ ጉባኤ መጓዝ ማለት ከኢስሊ ማታቱ ተሳፍሮ መሃል ከተማ መውረድ ነው። ዓለሙ ሁሉ ወደ እርሱ ካልመጣ እርሱ ወደ ዓለም የሚሄድበት ሌላ መንገድ የለም። ስለዚህ በናይሮቢ መሃል የሚደረግን ጉባኤ ስንመዝን ስንት ትኬት ተሸጠ ከማለት አስቀድመን በሩ ላይ የተቆረጠው የመግቢያ ዋጋ ይህን ሰው ያስገባዋል ወይ ብለን እንጠይቅ።

ገብቶስ ከማን ጋር ይነጋገር? አንድ ምሳሌ ልስጥና ላብቃ። የእንግሊዝኛ ኮሚክስ ጩኸትን የሚያሳየው ፊደሉን በማወፈር ነው፤ ተራውን ንግግርም በትልልቁ ፊደል ይጽፈዋል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም፤ ቢያወፍሩት ደግሞ «ጨ» እና «ጬ» ተጣብቀው አይለዩም። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ንግግሩን በሁለት ፊኛ የከፈለ ሠዓሊ ቁም ነገሩን ወደ ሁለተኛው ሥዕል ያሻግረዋል፤ ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ የገጽ አከፋፈል ግን ይህን አይጠብቅም፤ ምስጢሩ ከሥዕሉ በኋላ ይደርሳል። ስዋሂሊ የሚጽፈው ሠዓሊም የራሱ ጣጣ አለበት፤ ባለቤቱን፣ ጊዜውንና ተሳቢውን በአንድ ግሥ ላይ ስለሚደራርብ ረጅሙ ቃል ከጠባቧ ፊኛ ውስጥ አልገባ ይለዋል። «አላስታወቅኋቸውም» የሚለውን ቃል በጠባብ ፊኛ ለመክተት የታገለ የአማርኛ ጸሐፊ ይህን ጣጣ ያውቀዋል። አንዱ ፊኛውን ከሥዕሉ ሣጥን አስወጥቶ ችግሩን ፈትቶት ይሆናል፤ ሌላው ንግግሩን ከሥዕሉ በፊት ጽፎ፣ ፊደሉ የያዘውን ቦታ ለክቶ፣ ሰውየውን በተረፈው ስፍራ ይሥለው ይሆናል። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን እስኪቀመጡ ድረስ ሁለቱም መፍትሔያቸውን ለየብቻቸው ይዘው ይኖራሉ።